ጎጃሜው ዘበኛ የግድ የዋህ መሆን አለበት?

ጥያቄ፦ ውድ የዓምዱ አዘጋጆች፣ 27 ዓመቴ ነው። ለመጀመሪያ ጊዜ 26 ክፍል ያለው የቴሌቪዥን ድራማ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ አዲስ አበባ ውስጥ በአንድ የኪራይ ግቢ ስለሚኖሩ ስድስት ሰዎች ነው፦ የዋህ ጎጃሜ ዘበኛ፣ ቋጣሪ ጉራጌ ባለሱቅ፣ ቆንጆ ወሎዬ የቤት ሠራተኛ፣ ደም መላሽ ጎንደሬ ጡረተኛ፣ ለምንም ነገር ግድ የሌለው የድሬዳዋ ልጅ እና የአዲስ አበባ ልጅ የሆነችው ዋናዋ ገጸ ባሕርይ። ዳይሬክተሩ ወዶታል፤ «ተመልካች በአሥር ሰከንድ ያውቃቸዋል» ይላል። እናቴ ግን የደሴ ልጅ ናት። ሁለት ክፍል አነበበችና «ወሎ ከቁንጅና ሌላ ምንም የለውም?» ብላ ወረቀቱን መለሰችልኝ። ሁሉንም ልገልብጣቸው ወይስ ሰው የሚያውቀውን ልተው?
ፍ. ከአዳማ

መልስ፦ እህታችን፣ አትገልብጫቸው። ጉራጌውን በታኝ፣ ጎንደሬውን ፈሪ፣ ወሎዬዋን መልከ ጥፉ ብታደርጊያቸው ተመልካች የሚስቀው በዚያው በድሮው ቀልድ ነው። «ጉራጌ ሆኖ እንዴት ይበትናል?» ብሎ ካልጠየቀ አይስቅማ። ቀልዱ ልብሱን ገልብጦ ለበሰ እንጂ ከቤት አልወጣም።

እንዳለ መተውም አያዋጣም፤ ምክንያቱ ግን ሰው ይቀየማል የሚል ብቻ አይደለም። አምስቱ ሰዎችሽ በክፍል አንድ የሆኑትን በክፍል 26ም ይሆናሉ። ቋጣሪ ተብሎ የገባ ሰው ከመቋጠር ሌላ የሚሠራው ነገር ስለሌለው ክፍል አራት ላይ ታሪክ ያልቅብሽና ቀልድ መድገም ትጀምሪያለሽ። ብዙ ተከታታይ ድራማ መሐል ላይ የሚደክመው ከዚህ የተነሣ ነው።

የሰው አገር ጠባዩን አይነግርሽም። የሚነግርሽ ሌላ ነገር ነው፦ እጁ ምን ሥራ እንደለመደ፣ ማታ ማን እንደሚደውልለት፣ በየትኛው ወር ገንዘብ እንደሚያጥረው፣ ሌላው ሳያየው የሚያልፈውን ምኑን እንደሚያይ። ስለዚህ ከዝርዝርሽ ላይ ቅጽሎቹን ሰርዢ። የዋህ፣ ቋጣሪ፣ ቆንጆ፣ ደም መላሽ፣ ግድ የለሽ፣ ሁሉም ይውጡ። ቀጥለሽ «ጎጃም»፣ «ወሎ» የሚሉትንም ሰርዢና በምትካቸው ወረዳ ጻፊ። ወረዳ ስትጽፊ የሚመረተውን፣ የሚሸጠውንና የጠፋውን ለመጠየቅ ትገደጃለሽ፤ «ጎጃም» ብለሽ ስትጽፊ ግን ምንም የሚያስጠይቅሽ የለም። የጮቄ ተራራ ብርድና የዓባይ በረሃ ሙቀት በአንድ ስም ተጠርተው ያልፋሉ።

ዘበኛውን እንውሰድ። ከአዊ፣ ፋግታ ለኮማ ወረዳ፣ አዲስ ቅዳም አካባቢ ይምጣ እንበል። እዚያ ገበሬው ዲከረንስ የሚባለውን ግራር በማሳው ይተክላል። በመጀመሪያው ዓመት ከጤፍ ጋር አብሮ ያበቅለዋል፣ አራት አምስት ዓመት ያቆየዋል፣ ከዚያ ቆርጦ እዚያው ማሳው ላይ ያከስለውና መሬቱን መልሶ ያርሰዋል። ከሰሉ ለአዲስ አበባ ይጫናል። ኋላ ዛፉን በሽታ መታው፤ ልጆችን በከሰል ያስተማረ ቤት ገቢው ነጠፈ። ዘበኛሽ አዲስ አበባ የመጣበት ምክንያት ተገኘ ማለት ነው፤ በስድስቱ ሰዎችሽ መግለጫ ውስጥ አንድም «ለምን መጣ» እንዳልነበረ ልብ በይ። ከእናቱ ጋር በስልክ አገውኛ ሊያወራ ይችላል፤ ያን ጊዜ ግቢው ውስጥ «ጎጃሜ» እያለ የሚጠራው ሁሉ ስለ እሱ ግማሹን እንደማያውቅ ተመልካች ሳይነገረው ይገባዋል።

አሥር ሰከንዱንም ከዚሁ ታገኛለሽ። አከራይዋ አንድ ማዳበሪያ ከሰል ታስገዛለች። እሱ ሁለት የከሰል ስባሪ ያነሣና ያጋጫቸዋል። በደንብ የከሰለ ከሰል ሲጋጭ ቅጭል ይላል፤ ያልበሰለው ድምፁ ድፍን ነው፣ ሲያቀጣጥሉትም ይጨሳል። «እመቤቴ፣ ይኸ ከሰል አይደለም፤ እንጨት ነው የሸጡልዎት።» አለቀ። ሰውየው ከገጠር እንደመጣ፣ ሙያ እንዳለው፣ ለአከራይዋ እውነቱን ለመናገር እንደማይፈራ ሁሉም ታወቀ፣ ሰከንድም ተረፈሽ።

የዋህነቱስ? የዋህነት የአዲስ ገብ እንጂ የአገር አይደለም። ከየትም ገጠር የመጣ ሰው በመጀመሪያው ወር የታክሲ መስመር ይስታል፣ ሒሳብ ይጭበረበራል። ክፍል አንድና ሁለት ላይ ይሳሳት፤ ክፍል 13 ላይም እዚያው ቦታ ከሆነ ግን የሞኘው እሱ ሳይሆን ድርሰቱ ነው።

ባለሱቁ ላይ ሰፋ አድርገን እንቆይ፤ ግቢውን በሙሉ ሊያንቀሳቅስልሽ የሚችለው እሱ ነውና። መጀመሪያ የየት ሰው እንደሆነ ወስኚ። ቸሃ ነው? ክስታኔ? መስቃን? የቸሃውና የክስታኔው ሰው እያንዳንዱ በገዛ ቋንቋው ቢናገር አይግባቡም። ኮሜዲያን «የጉራጌ አነጋገር» እያሉ የሚያወጡት አንድ ድምፅ የማንም አይደለም፤ እዚያው መድረክ ላይ የተፈበረከ ነው። ክርስቲያን ይሁን ሙስሊም የሚለውም ይለያል፦ አንደኛው ዓመቱን የሚቆጥረው ወደ መስቀል፣ ሌላው ወደ ዐረፋ ነው።

አሁን «ቋጣሪ» የሚለውን በዕቁብ ተኪው። ቁጥሩን ራስሽ ጻፊና ከጠረጴዛሽ በላይ ለጥፊው፦ 20 አባል፣ በሳምንት 1,000 ብር፣ ዕጣው 20,000 ብር፣ ዙሩ 20 ሳምንት። መጀመሪያ ላይ ዕጣ የወጣለት ሰው ወለድ የሌለው ብድር እንዳገኘ ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚደርሰው ደግሞ ሲቆጥብ ከርሟል ማለት ነው። ያወጣ ሰው መክፈል ቢያቆም ዋሱ ይጠየቃል። ባለሱቅሽ ዕጣውን በሦስተኛው ሳምንት አውጥቶ ዕቃ ሞልቶበታል እንበል፤ ስለዚህ 17 ሳምንት ሙሉ እሑድ በመጣ ቁጥር 1,000 ብር ከየትም ይምጣ ከየት መገኘት አለበት። ዋሱ የገዛ አጎቱ ነው። ቅዳሜ ማታ ጡረተኛው አንድ ኪሎ ስኳር በዱቤ ሲጠይቀው ደብተሩን ዘግቶ «ጋሼ፣ ሰኞ ይሁንልዎ» ይለዋል። ጡረተኛው «ቋጣሪ!» ብሎ ይወጣል። ተመልካች ግን ሳጥኑ ውስጥ ያለውን ብር ቆጥሮታል። አየሽ፣ ስድቡን አላወጣንም፤ ከደራሲዋ አፍ ወስደን ለገጸ ባሕርዩ ሰጠነው።

መስቀልንም አትርሺ። ክርስቲያን ካደረግሽው በዓሉ ሲቃረብ ሱቁን ዘግቶ፣ ለበሬ የሚያዋጣውን፣ ለእናቱ ልብስ፣ ለወንድሞቹ ልጆች የሚሰጠውን ይዞ ይሄዳል። ከሰኔ ጀምሮ የሚጠብቃት ሳንቲም ለዚያ ናት። አንድ ክፍል አገሩ ላይ ብትቀርጪ ከተማ ውስጥ ስኳር የከለከለው ሰው እዚያ በሁለት እጁ ሲያድል ይታያል። በጀት ካልፈቀደ ደግሞ የተዘጋ ሱቅ በቂ ነው፤ በዚያ ሳምንት ግቢው ሻማና ክብሪት ፍለጋ ሦስት መንደር ሲያቋርጥ ይታይ።

የእናትሽ ጥያቄ ጋ ደረስን። የወሎ ቁንጅና ዝናው የገነነው በዘፈን ነው። ከአራቱ ቅኝቶች ባቲና አምባሰል ስማቸው የወሎ ቦታ ስም ነው፣ ግጥሙም ሲወርድ ሲዋረድ መልክን ሲያሞግስ ኖሯል። ዘፈን ላይ ያምራል፤ ድራማ ላይ ግን ቆንጆ መሆን ሥራ አይደለም። ሠራተኛሽን ከቃሉ ወረዳ፣ ከሐርቡ አምጫት። ከዚያ አካባቢ ብዙ ሴቶች ለሥራ ወደ ዐረብ አገር ይሄዳሉ። ገና በ19 ዓመቷ ሪያድ ገብታ፣ በ2006 ዓ.ም. ሳዑዲ ወረቀት የሌላቸውን በገፍ ስትመልስ ከተመለሱት አንዷ ብትሆን ዛሬ 30 አልፏታል። ዐረብኛ ትችላለች፣ ከብሳ ትሠራለች፣ ኢቃማ (የመኖሪያ ፈቃድ) የሌለው ሰው ፖሊስ ሲያይ እንዴት እንደሚራመድ ታውቃለች። ምናልባት ለደላላ የተበደረችው ገንዘብ ዛሬም አልተከፈለም። አዲስ አበባ ላይ ያለችው አከራይ ማጠቢያ ማሽን እንዴት እንደሚከፈት ልታስተምራት ስትነሣ ፊቷ ላይ የሚታየው ነገር ከየትኛውም የቁንጅና ትዕይንት ይበልጣል።

ቆንጆ ትሁን ካልሽ ትሁን። ግን በጽሑፍሽ ውስጥ ቁንጅናዋን የሚያነሣው ማን እንደሆነ ቁጠሪ። ካሜራው ራሱ ካነሣው ደራሲዋ ናት የተናገረችው። ከእሷ አንድ ነገር የሚፈልግ ሰው ብቻ ካነሣው ደግሞ የሰውየውን ጠባይ የሚገልጥ ንግግር ይሆናል። በሁለቱ ክፍሎች እናትሽ ያየችው የመጀመሪያውን ይመስለናል።

ወሎን በሌላ ማሳየት ከፈለግሽ ስሞቹን ተመልከቺ። ወንድሟ ሰይድ፣ የአክስቷ ልጅ ገብሬ ሊሆን ይችላል፤ ሙስሊምና ክርስቲያን በአንድ ቤተ ዘመድ መገኘቱ እዚያ አያስገርምም። ድግስ ላይ ለሁለቱም ወገን ለየብቻ ይታረዳል፣ ድስቱም ይለያል። ግቢው ውስጥ ሠርግ ወይም ተዝካር ካለሽ ማንም ሳይጠይቃት ሁለተኛ ድስት የምትጥድ እሷ ትሁን። ማብራሪያ ግን አትጻፊ፤ «በእኛ አገር ተቻችለን ነው የምንኖር» የምትል ዓረፍተ ነገር ከገባች ትዕይንቱ የቱሪዝም ማስታወቂያ ይሆናል።

ጎንደሬው ጡረተኛ ደስ የሚል ዕድል አለው፤ ጎረቤቶቹ ይፈሩታል። ፍርሃቱን አቆይው፣ ጠብመንጃውን ግን ውሰጂበት። በ1947 ዓ.ም. ጎንደር ላይ የሕዝብ ጤና ኮሌጅ ተከፍቷል፤ ምክንያቱ ደንቢያ ላይ ወባ ብዙ ሕዝብ መጨረሱ ነበር። አባቱ እዚያ ከሠለጠኑት አንዱ፣ እሱ ራሱ ጡረታ የወጣ ነርስ ቢሆንስ? በየጧቱ በር ሳያንኳኳ ወደየተከራዩ ደጃፍ ሄዶ ውኃ ያቆረ ጎማ ይገለብጣል፣ ክዳን የሌለው በርሜል ይደፋል። ተከራዮቹ «ጎንደሬ ነው፣ አትናገሩት» እያሉ ዝም ይላሉ። እሱም ይህን ያውቃል፣ አያስተባብልም፤ ይጠቅመዋልና። ሰው በራሱ ላይ የሚነገረውን ዝና አውቆ ሲጠቀምበት ማየት በየቀኑ የምናየው ነገር ነው፤ በድራማዎቻችን ውስጥ ግን አልበዛም።

የደም ነገር ለታሪክሽ የግድ ካስፈለገ በፉከራ አታልፊው። ማን ሞተ? በምን ተጣሉ፣ በድንበር ነው በውርስ? ደም አድራቂ ሽማግሌዎች ገብተዋል ወይ? ከገቡ ዕርቁን ያፈረሰው ማን ነው? እነዚህን አራቱን መመለስ ካልቻልሽ ነገሩ የታሪክሽ አካል አይደለም፤ ይቅር።

ለድሬዳዋው ልጅ ብዙ አንጨነቅም። «ግድ የለሽነት» የሚባለው በከፊል የፀሐይ ነገር ነው፦ እኩለ ቀን ላይ ከተማው ያርፋል፣ ማታ ይነሣል። አዲስ አበባ ላይ በስምንት ሰዓት ሲያንቀላፋ ያየው ሰው ሰነፍ ይለዋል፤ ሌሊት በስድስት ሰዓት የግቢውን የተቃጠለ ፊውዝ ሲቀይር ግን ማንም አያየውም። አባቱ የድሮው የባቡር ወርክሾፕ መካኒክ ይሁን፤ ከዚያ ትውልድ ፈረንሳይኛ የሚሞክር አይጠፋም። ከዚራ ሰፈር ነው ያደገው ወይስ ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ? ይህን ወስኚ። «አቦ»ን ደግሞ በአንድ ክፍል ከሁለት ጊዜ በላይ አታስብዪው።

ስድስተኛዋን አልረሳናትም። በዝርዝርሽ ላይ አምስቱ አገር አላቸው፤ እሷ ብቻ «ዋና ገጸ ባሕርይ» ናት። ይኸ ነው ትልቁ ስሕተት። ሌሎቹ አገራቸውን፣ እሷ ራሷን እንድትሆን ተፈርዶላታል። የየትኛው ሰፈር ልጅ ናት? የካዛንቺስ ቤቷ ፈርሶባት ኮንዶሚኒየም ደርሷታል? ዘዬዋን ማን ይሰማዋል? ዘበኛው ለእናቱ በስልክ ስለ እሷ አነጋገር ሲያወራ አንድ ትዕይንት ጻፊ፤ ሚዛኑ በዚያው ይስተካከላል።

የቁጥር ነገርም አለ። ከየአገሩ አንድ አንድ ሰው ስትወስጂ ግቢው የብሔር ብሔረሰቦች ቀን ትርኢት ይመስላል፤ እያንዳንዱም ሳይወድ የአገሩ እንደራሴ ይሆናል። ከስድስቱ ቢያንስ ሁለቱ ከአንድ ቦታ ይምጡ፣ ጠባያቸውም አይገጥም። «ፍቅር እስከ መቃብር»ን አስቢ፤ በባላባትነቱ የሚኮራው ፊታውራሪ መሸሻም፣ ያንን ሥርዓት የሚነቅፈው ጉዱ ካሳም ጎጃሜ ናቸው። መሸሻን አይቶ «ጎጃሜ እንዲህ ነው» ሊል የተነሣ አንባቢ ካሳን ሲያገኝ አፉን ይይዛል። አንደኛው ሰው የተለመደውን ሥዕል እንዲመስልልሽ ከፈለግሽም ፍቃዱን የሚሰጥሽ ይኸው የአገሩ ልጅ አጠገቡ መኖሩ ነው።

አሁን አነጋገር። ጀማሪ ደራሲ አብዛኛውን ጊዜ የሚሳሳተው እዚህ ነው፦ ዘዬውን በእያንዳንዱ ቃል ላይ ይረጫል፣ ተዋናዩ ደግሞ በላዩ ላይ ይጨምርበታል፣ ተመልካች በድምፁ ሲስቅ ዋናው ነገር ያመልጠዋል። ለአንድ ሰው ከሦስት የማይበልጡ ምልክቶች ምረጪና እስከ መጨረሻው አትለውጪ። ለዘበኛው «ሄድሁ፣ ወሰድሁ» ይበቃል፤ አዲስ አበባ «ሄድኩ፣ ወሰድኩ» ይላል። ሁለተኛው «አንቱ» ነው፤ በጎጃም፣ በጎንደርና በወሎ ለታላቅ ሰው ዛሬም ከአፍ ያልጠፋ አክብሮት ነው። በነገራችን ላይ ሁለቱም የድሮ መጻሕፍት አማርኛ ናቸው፤ ከተሜው «የገጠር» እያለ የሚስቅበት ቋንቋ ከሚያነበው መጽሐፍ ይበልጥ ይቀርባል። እኛ ብንሆን ይህንን ለጡረተኛው ሰጥተን ዋናዋን ገጸ ባሕርይ እንዲያርማት እናደርግ ነበር።

ሰው ደግሞ ለሁሉም አንድ ዓይነት አይናገርም። ለአከራይዋ ለዘብ ያደርጋል፣ ከአገሩ ሰው ጋር ያወፍራል፣ ሲናደድና ሲጸልይ ወደ ልጅነቱ ይመለሳል። በጽሑፍሽ ላይ ቃሉን እያጣመምሽ ከመጻፍ በኅዳግ «ዘዬው ቀላል» ወይም «ዘዬው ሙሉ» ብለሽ ምልክት አድርጊ። ታሪኩን የምትሸከመው ዓረፍተ ነገር ላይ ሁልጊዜ «ቀላል» ይሁን።

ጽሑፉ ሲያልቅ ሁለት ፈተና አድርጊ። አንደኛው የወረቀት ነው፦ ሁለት ገጽ ወስደሽ ስሞቹን ሸፍኚና የባለሱቁንና የጡረተኛውን አገር አለዋውጪ። የሚበላሸው ቀልዱ ብቻ ከሆነ የጻፍሽው ተረብ ነው። ዕቁቡ፣ በርሜሉ፣ የመስቀሉ ጉዞ ከተናጋብሽ ሰው ጽፈሻል። ሁለተኛው የሰው ነው። ለእያንዳንዱ ገጸ ባሕርይ ሁለት የአካባቢውን ሰው አስነብቢ፣ አንዱ አሁንም እዚያው የሚኖር፣ ሌላው እዚህ ያደገ። «ቅር አሰኘህ ወይ?» ብለሽ አትጠይቂ፤ ሐበሻ ይሉኝታ አለበት፣ «ኧረ ደህና ነው» ብሎ ይመልስልሻል። «ይህ ሰው የማን ልጅ ይመስልሃል? እናቱ ምን ትሠራለች?» በይው። ወዲያው ከመለሰ ያውቀዋል ማለት ነው። ቆም ብሎ ካሰበ ወደ ወረዳው ተመለሺ።

ሕግ ያሳስበኛል ብለሽ አልጻፍሽም፣ ግን ዳይሬክተሮች ያነሡታልና፦ የጥላቻ ንግግርና ሐሰተኛ መረጃ ስርጭትን የሚከለክለው አዋጅ ቁጥር 1185/2012 ለኪነ ጥበብ ሥራ የተለየ ቦታ ሰጥቷል። ቢሆንም ባለፉት ዓመታት ሰው በአነጋገሩና በስሙ ተለይቶ ሲጎዳ ያየ ተመልካች ነው ድራማሽን የሚያየው፤ በሠራተኛዋ ወይም በዘበኛው ላይ የምትጨምሪውን ሳቅ በዚያ ጆሮ ስሚው።

ለዳይሬክተሩ በቃል አትከራከሪ። የከሰሉን ትዕይንት ገጽ ተኩል አድርገሽ ጻፊውና ሰዓት ይዞ ያንብበው። ለእናትሽ ደግሞ የሁለቱን ድስት ትዕይንት ስጫት፤ የትኛው ድስት በየትኛው በኩል እንደሚጣድና ማን ቀድሞ እንደሚቆረስለት ከእኛ ይልቅ እሷ ታርምሻለች።